አለርጂን በዕለት ተዕለት ኑሮ መቆጣጠር፦ ከቤታችን ምን እንጀምር?

(ይህ ጽሑፍ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለኅብረተሰቡ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ ነው። ለንባብ እንዲያመች ጥቂት የቋንቋ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)



በአገራችን ከተሞች እጅግ የተለመደ አንድ ሕመም አለ፤ ስሙም «ሳይነስ» ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ተከታትሎ የሚያስነጥሳቸው፣ አፍንጫቸው እንደ ውኃ የሚፈስ፣ ዓይናቸው የሚያሳክክና የሚያለቅስ ሰዎች ምን እንደ ሆኑ ሲጠየቁ «ሳይነስ አለብኝ» ይላሉ። ሳይነስ ግን የሕመም ስም አይደለም። በፊታችን አጥንቶች ውስጥ ያሉት፣ አየር የያዙት ክፍተቶች ስም ነው፤ ስለዚህም ሁላችንም ሳይነስ አለን። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ያለባቸው የአፍንጫ አለርጂ ነው።

ይህን የማነሣው በቃል ለመከራከር አይደለም። ሕመም የተሰየመበት ስም የሚታከምበትን መንገድ ይወስናል። «ብርድ ነው» ያለ ሰው መስኮቱን ይዘጋል፣ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ይደርባል፣ አፍንጫውንም በጭስ ይታጠናል። «ሳይነስ ነው» ያለው ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ፀረ ባክቴሪያ ገዝቶ ይውጣል። ሕመሙ አለርጂ ከሆነ ፀረ ባክቴሪያው አንዳች አይጠቅመውም፤ የተዘጋው መስኮት፣ ያረጀው ብርድ ልብስና ጭሱ ግን ያባብሱበታል። እንግዲህ የዛሬው ርእሳችን የአኗኗር ለውጥ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ለውጥ የሕመሙን ትክክለኛ ማንነት ማወቅ ነው ማለት ይቻላል።

አለርጂ የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1906 ያስተዋወቀው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለው የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት በአሜሪካ፣ ዮሐንሰንና ቤኒች ደግሞ በስዊድን፣ ዛሬ አይጂኢ የምንለውን ፀረ እንግዳ አካል ለየብቻ አገኙት። ነገሩ በሁለት ደረጃ ይፈጸማል። በመጀመሪያው ደረጃ ሰውነት ምንም ጉዳት የሌለውን ነገር፣ ለምሳሌ የሣር አበባን ብናኝ፣ እንደ ጠላት ይመዘግበዋል፤ በዚህ ጊዜ ምንም ምልክት አይታይም። በሁለተኛው ደረጃ ያው ነገር ተመልሶ ሲመጣ፣ አይጂኢን ተሸክመው በአፍንጫ፣ በዓይን፣ በሳንባና በቆዳ የሚጠብቁት ሕዋሳት ሂስታሚንን የመሰሉ ኬሚካሎችን ይረጫሉ። ማስነጠሱ፣ ማሳከኩ፣ እብጠቱና የደረት መጨነቁ ከዚያ ይመጣሉ። «ይህን ለዓመታት ስበላው ኖሬያለሁ፤ እንዴት ዛሬ አለርጂ ይሆንብኛል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው፤ ምዝገባው ቀስ በቀስ የሚከናወን ነገር ነውና።

አሁን ወደ ጅማ ልውሰዳችሁ። በዚህ መስክ ዓለም ከኢትዮጵያ የተማረው ቁም ነገር አለ፤ ተማሪዎቻችንም ሊያውቁት የሚገባ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት በጅማ ከተማና በአካባቢው ገጠር የሚኖሩ ከ12,000 በላይ ሰዎችን ተመለከተ። አስምና ሲተነፍሱ የሚያፏጭ ደረት በከተማው ከገጠሩ በጣም በዝተው ተገኙ። እስከዚህ ድረስ የሚያስገርም ነገር የለም። የሚያስገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ቆዳቸው ሲመረመር ለቤት አቧራ ተባይ አለርጂ ያሳዩት ሰዎች በገጠር ይበልጡ ነበር። በከተማው ይህ የቆዳ ምላሽ ካለበት ሰው ዘንድ የደረት ማፏጨት ሲጨምር፣ በገጠሩ ግን እንዲህ ያለ ዝምድና አልታየም። ይኸውም የገጠሩ ሰው ሰውነት ተባዩን እንደ ጠላት መዝግቦታል፤ ሆኖም አይታመምም።

ለምን? በ2001 የወጣ ሌላ የጅማ ጥናት የአንጀት ትሎችን ተመለከተ፤ መንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የማፏጨት ዕድሉ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ይህ ዜና በአውሮፓ ብዙ ተስፋ ቀስቅሶ ነበር። በእንግሊዝ አገር አስም ያለባቸውን በጎ ፈቃደኞች በጥቂት የመንጠቆ ትል እጭ እስከ መበከል ተደርሶ ነበር፤ በ2010 የታተመው ውጤት ግን ጉልህ ጥቅም አላሳየም። መንጠቆ ትል ደም የሚያሳንስ፣ ሕፃናትን የሚያቀጭጭ ተባይ ስለሆነ ማንም ሰው ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ትል መልካም ነው እንዳይል አደራ። የእኔ ትኩረት ግን በሦስተኛው የጅማ ጥናት ላይ ነው። እርሱም በ2001 የታተመ ሲሆን፣ በቤት ውስጥ ነጭ ጋዝ የሚያነድዱ ሰዎች የአለርጂ ሕመሞች ይበልጥ እንደሚታዩባቸው አመለከተ። ትሉን በአኗኗራችን ልንመልሰው አንችልም፤ አንፈልግምም። ምድጃችንን ግን መለወጥ እንችላለን።

ወደ ምድጃው ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ደስ የማይል እውነት መናገር ይገባኛል፤ የምናገረውም ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስለሆነ ማስረጃውን መደበቅ አይቻልም። «አለርጂ ቀስቃሹን አስወግድ፣ ትድናለህ» የሚለው ምክር ሲፈተን ብዙ ጊዜ ወድቋል። ደስት ማይት የሚባለውን፣ ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ እንኳ የማይሞላውን፣ የቆዳችንን ርጋፊ እየበላ በፍራሽና በትራስ ውስጥ የሚኖረውን የአቧራ ተባይ እንውሰድ። በ2003 የታተመ አንድ ትልቅ ሙከራ 1,122 አስም ያለባቸው አዋቂዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ተባዩን የማያሳልፍ የፍራሽ ልባስ ሰጠ፤ ለውጥ አልታየም። በ2008 የወጣ አጠቃላይ ግምገማ 54 ሙከራዎችን ሰብስቦ መርምሮ ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ታዲያ ተስፋ እንቁረጥ? አይደለም። በ2004 በአሜሪካ ሰባት ከተሞች በ937 ሕፃናት ላይ የተደረገ ሙከራ ሌላ መንገድ ተከተለ፦ ለእያንዳንዱ ሕፃን አለርጂው ምን እንደ ሆነ ተመረመረ፣ ከዚያም ቤቱ ታይቶ በረሮው፣ ጭሱ፣ አልጋው፣ ድመቱ፣ ለዚያ ሕፃን የሚመለከተው ሁሉ በአንድነት ተስተካከለ። የሕመም ቀናቸው ቀነሰ። ከዚህ የምረዳው፣ አንድ ነገር ገዝቶ መገላገል እንደማይሠራ፣ ለሰውዬው የተለካ የብዙ ትናንሽ ለውጦች ድምር ግን እንደሚሠራ ነው። ይህ ለእኛ ደግ ዜና ነው።

እንግዲህ ወደ ቤት እንግባ።

ከጭስ እጀምራለሁ። ጭስ ራሱ አለርጂ አይደለም፤ ነገር ግን የተቆጣውን የመተንፈሻ አካል የበለጠ ያስቆጣል። በተዘጋ ማድ ቤት በእንጨት እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ውስጥ የፍራሽ ልባስ መምከር፣ ቤት እየተቃጠለ መጋረጃ እንደ መምረጥ ነው። ኤሌክትሪክ ባለበት የኤሌክትሪክ ምጣድ፤ በሌለበት ጭስ ማውጫ ያለው ወይም ከመኝታ የተለየ ማድ ቤት፤ ይህም ካልተቻለ እንጨቱን አድርቆ መጠቀምና ምጣዱ በተጣደበት ሰዓት ሕፃኑን ከእናቱ ጀርባ አውርዶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ። የመጨረሻው አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከሰልን በሚመለከት፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አስገብቶ መተኛት ከአለርጂም በላይ ገዳይ መሆኑን ሳልናገር አላልፍም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ስለ ቡናችን ነው። የቡና ሥነ ሥርዓት ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ ቡና ተቆልቶ፣ ዕጣን ተጪሶ የሚከናወን ስለሆነ፣ የአለርጂ ሐኪም በክፉ ዓይን ሊያየው የሚገባ ይመስላል። እኔ ግን አይመስለኝም። ቡናውን ተው የሚል ምክር ጎረቤትን ተው እንደ ማለት ስለሆነ የሚሰማው የለም፤ ሊሰማም አይገባም። ይልቅስ ቆላው በደጅ ወይም በበረንዳ ይሁን፤ ዕጣኑ በቁንጥር ይነስነስ፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ ደረቱ የሚታመመው ሰው ከጭሱ በተቃራኒ፣ በበሩ በኩል ይቀመጥ። ቄጤማው ትኩስ ሆኖ ሲጎዘጎዝ ያምራል፤ ለቀናት ተረስቶ እርጥበት እንደያዘ ወለል ላይ ሲከርም ግን የሻጋታ ቤት ይሆናል። በማግስቱ ጠርጎ ማውጣት ነው። ሰንደል፣ የአየር ማሸተቻና የወባ ትንኝ ማጨሻ ከዕጣን «የተሻሉ» እንደ ሆኑ የሚታሰበውን ግን አልቀበለውም፤ ጭስ ጭስ ነው፣ ሽታም ሽታ ነው።

ቀጥሎ መስኮቱ። በታክሲ ውስጥ ስለ መስኮት የሚነሣውን ክርክር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው «ንፋስ ይመታኛል» ብሎ ይዘጋል። ንፋስን መፍራት ከአያቶቻችን የወረስነው ነው፤ በደጋ ብርድ ውስጥ ምክንያትም አለው። ግን የአቧራ ተባይ ውኃ አይጠጣም፤ እርጥበቱን የሚያገኘው ከአየሩ ነው። እስትንፋሳችን፣ የምናፈላው ውኃና እቤት ውስጥ የምናሰጣው ልብስ የተዘጋውን ክፍል ያርሱታል፤ በደረቅ ክፍል ውስጥ ግን ተባዩ ይደርቃል። ስለዚህ በክረምት ወራት፣ ዝናቡ ባበራበት ሰዓት ሁሉ፣ ለግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን ከፍቶ ማናፈስ ያስፈልጋል። ከጎን መንገድ ካለ፣ የመኪና ጭስና አቧራ የሚቀንስበትን የማለዳ ሰዓት መምረጥ ይቻላል።

አልጋውን በሚመለከት እናቶቻችን ቀድመውን ያውቁታል። ፀሐይ በወጣች ጊዜ ፍራሹንና ብርድ ልብሱን አውጥቶ ማስጣትና በዱላ መደብደብ የቆየ ልማድ ነው። በ1994 በአውስትራሊያ የታተመ አንድ ጥናትም ምንጣፍን ለቀጥተኛ ፀሐይ ማጋለጥ በውስጡ ያሉትን የአቧራ ተባዮች ሊገድል እንደሚችል አሳይቷል። ሆኖም ሕመም የሚያመጣው ሕያው ተባዩ ብቻ ሳይሆን ኩሱ ነው፤ ኩሱም ተባዩ ከሞተ በኋላ ይቀራል። ስለዚህ ፀሐዩ ብቻውን አይበቃም፤ መደብደቡ ያስፈልጋል፣ መደብደቡም በደጅ፣ ታማሚው ባልሆነ ሰው እጅ መሆን አለበት። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ ይታጠብ፤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ውኃ ተባዩን ይገድለዋል፤ የልብስ ማጠቢያ መኪና ለሌለው ሰው በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ማቆየት በቂ ነው። ለዓመታት ያገለገለ የጥጥ ወይም የጭድ ፍራሽ፣ አጎዛና ቁርበት ለታማሚ ሰው አይመከሩም። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ ሲጠረግ አቧራው ይነሣና አየሩ ውስጥ ለብዙ ደቂቃ ይንሳፈፋል፤ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል። ይህን ሁሉ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸውን አውቃለሁ። በቤቱ ውስጥ የታመመችው እርስዋ ከሆነች፣ መጥረጊያውን ሌላ ሰው መያዝ እንዳለበት ለባሎችና ለወንድሞች መንገር የሐኪም ሥራ ነው።

ከቤት ውጭ ያለው ነገር ከእጃችን ይርቃል፤ በአጭሩ ላልፈው እወዳለሁ። ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ሣሩ ያብባል፤ በመስከረምና በጥቅምት ዓይናቸው የሚያሳክካቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ አደይ አበባን ይወቅሳሉ። አደይ ግን ብናኟ የሚጓዘው በነፍሳት እግር ስለሆነ እምብዛም በአየር አይንሳፈፍም፤ ይልቅ ማንም የማያስተውለው፣ አበባው ዓይን የማይገባው ሣር በነፋስ የሚዘራው ነው። ቅንጬ አረም የወረራቸው አካባቢዎች ደግሞ የራሳቸው ችግር አላቸው፤ አረሙ ቆዳን ያስቆጣል፣ ብናኙም ትንፋሽን ያውካል፤ ስለዚህ በባዶ እጅ መንቀል አይገባም። በወፍጮ ቤት፣ በዳቦ ቤት፣ በቡና ማበጠሪያና በበርበሬ ማስፈጫ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የዱቄትና የጥሬ ቡና ብናኝ አለርጂ የታወቀ የሥራ ሕመም ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ በሥራ ቀን ይብሳል፣ በዕረፍት ቀን ይሻላል። እንዲህ ያለውን ሰው ቤትህን አጽዳ ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ የሚለወጠው የሥራው ቦታ ነው።

አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ ርካሽና ማስረጃ ያለው ዘዴ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ በውስጡም 9 ግራም ወይም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ ንጹሕ ጨው ማሟሟት፣ ጠዋትና ማታ በመርፌ ቱቦ ያለ መርፌው ወደ አፍንጫ ቀስ ብሎ ማፍሰስ። ያልፈላ ውኃ በፍጹም አይደረግም።

የአኗኗር ለውጥ ከመድኃኒት ጋር ይሄዳል እንጂ መድኃኒትን አይተካም። ይህን አጥብቄ የምናገረው በአስም ምክንያት ነው። በተለምዶ «ፓፍ» የሚባለውን የሚሳብ መድኃኒት «ሱስ ያስይዛል» ብለው የሚሸሹ ወላጆች አሉ። ፓፍ ሱስ አያስይዝም። ሱስ የሚመስለው ነገር ሕመሙ ራሱ ሲመለስ ነው፤ የሚመለሰውም ብዙ ጊዜ እብጠቱን የሚቀንሰው የስቴሮይድ ፓፍ ተትቶ፣ ለጊዜው የሚያስታግሰው ብቻ ስለሚወሰድ ነው። ለአፍንጫም እንዲሁ፣ ወዲያው የሚከፍተው ጠብታ ከጥቂት ቀናት በላይ ከተደረገ አፍንጫውን መልሶ ይደፍነዋል፤ ጠብታ ሳያደርጉ መተኛት የማይችሉ ሰዎች የሚፈጠሩት እንዲህ ነው። የስቴሮይድ የአፍንጫ መርጪያ ግን ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ጠብቆ ይሠራል፤ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብሎ መጣል አይገባም። ለተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ ክሎርፌኒራሚን ያስተኛል፣ ሐሳብንም ያደነዝዛል፤ ለፈተና ሰሞን ሎራታዲንን የመሳሰሉትን ስለ መውሰድ ፋርማሲስት ብታማክሩ ይበጃል።

ምግብን በተመለከተ የማየው ትልቁ ጉዳት ከአለርጂው ይልቅ ከፍርሃቱ ይመጣል። ሽፍታ የወጣበትን ሕፃን እንቁላል ከለከሉት፣ ከዚያ ወተት፣ ከዚያ ዓሣ፣ ከዚያ ለውዝ፤ በመጨረሻ ገንፎ ብቻ ይበላል። እውነተኛ የምግብ አለርጂ ብዙውን ጊዜ ከተበላ በደቂቃዎች ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ በተበላ ቁጥርም ይታያል። ይህ ካልሆነ ምግቡን ያለ ሐኪም ምክር መከልከል አይገባም። በ2015 የታተመው የእንግሊዝ ሙከራ የቀድሞውን ምክር ገልብጦታል፦ ለለውዝ አለርጂ የተጋለጡ 640 ሕፃናት ግማሾቹ ከመጀመሪያ ዓመታቸው አንሥቶ ለውዝ እንዲበሉ፣ ግማሾቹ እንዲከለከሉ ተደረገ። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ከተከለከሉት 17 ከመቶ የሚሆኑት፣ ከበሉት ግን 3 ከመቶ ገደማ ብቻ አለርጂ ነበራቸው። በእኛ አገር የተፈጨ ለውዝ በገንፎ ውስጥ መስጠት ቀላል ነው፤ ፍሬው እንዳለ ግን ሊያንቅ ስለሚችል ለሕፃን አይሰጥም። ከባድ ችፌ ያለበት ሕፃን ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ቢያየው ይሻላል። ችፌ ካነሣን ዘንድ፣ በቆሰለ ቆዳ ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ የምግብ ቅባት ከመቀባት ተራ ቫዝሊን ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ መቀባት እመርጣለሁ።

የትኛው ለውጥ ለእናንተ እንደሚሠራ ለማወቅ ደብተር ያዙ። ዛሬ አልጋውን፣ ነገ ምግቡን፣ ከነገ ወዲያ ድመቷን በአንድ ጊዜ ብትለውጡ የጠቀማችሁን አታውቁትም። ከጭሱ ጀምሩ፤ ለአራት ሳምንት ስንት ቀን እንዳስነጠሳችሁ፣ ስንት ሌሊት እንደ ነቃችሁ መዝግቡ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። ይህንን ደብተር የያዘ ታካሚ ወደ ሐኪም ሲቀርብ ሥራው ግማሽ ተሠርቷል።

በመጨረሻ፣ ከዚህ ሁሉ ምክር ውጭ የሆነ አንድ ሁኔታ አለ። ከንብ ንድፊያ፣ ከፔኒሲሊን መርፌ ወይም ከምግብ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም ሰውየው ራሱን ከሳተ፣ የሚያስፈልገው ኤፒኔፍሪን ነው፤ በጭኑ ጡንቻ የሚወጋ፣ ወዲያውኑ። በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ መተንፈስ ከቸገረው ደግፋችሁ አስቀምጡት እንጂ በድንገት አታቁሙት፤ ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም አድርሱት። ፀረ አለርጂ ክኒን እስኪሠራ መጠበቅ አይቻልም። መድኃኒት አስቆጥቶት የሚያውቅ ሰው የመድኃኒቱን ስም ጽፎ ከመታወቂያው ጋር ይያዝ፤ ራሱን በሳተ ጊዜ ስለ እርሱ የሚናገርለት ያ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላልና።